ከቀለሙ በፊት ክፍተቱን እንይ

አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ታድሶ ከጋራዥ ሲወጣ ተመልካች ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን ነው። ቀለሙ ካብረቀረቀ፣ ኒኬሉ ካንጸባረቀ፣ ወንበሩም አዲስ ልብስ ከለበሰ «እንደ አዲስ ሆነ!» ተብሎ ይመሰገናል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ሠራተኛውም ዋጋውን ተቀብሎ ይሸኘዋል። ነገር ግን የሥራውን እውነተኛነት የሚናገረው ቀለሙ አይደለም። የሚናገረው በበሩና በአካሉ መካከል፣ በኮፈኑና በግንባሩ መካከል ያለው ያ ቀጭን ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ከመሠረቱ የተሠራ ነው፤ ከላይ ጠቦ ከታች የሰፋ እንደ ሆነ ግን ከቀለሙ በታች የተደበቀ ነገር ስለ መኖሩ መጠርጠር ይገባል።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ነገሩ ለብዙ ሰው ትንሽ ይመስላል። «አንድ ሚሊሜትር ቢጠብ፣ አንድ ሚሊሜትር ቢሰፋ ምን ይጎዳል?» የሚል ጠያቂም አይጠፋም። ዳሩ ግን በዚህች በሚሊሜትር በምትለካ ቦታ ላይ የሠራተኛው የሙያ ክብር፣ የባለቤቱ ገንዘብና የተሳፋሪው ደኅንነት ሦስቱም ተገናኝተው ይገኛሉ። ስለዚህ የነገሩን አመጣጥና አሠራር ለአንባቢያችን፣ ይልቁንም ነገ የመኪና ባለቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ንብረት ኀላፊ ለሚሆነው ወጣት፣ በዝርዝር ማስረዳት ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ስለ ቮልስ ጥቂት ቃል

ለምሳሌነት የመረጥነው ቮልስን ነው። ምክንያቱም ቮልስን የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ይህ መኪና በዶክተር ፈርዲናንድ ፖርሼ ታቅዶ፣ ዛሬ ቮልፍስቡርግ በሚባለው የጀርመን ከተማ የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ስለ ተነሣ፣ ለሕዝብ የሚሆነው መኪና በብዛት መሠራት የጀመረው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1945 መጨረሻ፣ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር በነበረበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 የተሠራው ቮልስ 15,007,034ኛው ስለ ነበረ፣ የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲ ይዞት የቆየውን የብዛት ክብር ወሰደ። የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮ፣ ከፑዌብላ ፋብሪካ ሐምሌ 30 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጠቅላላው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ወደ አገራችንም ገብቶ የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆኖ ብዙ ዘመን አገልግሏል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑም ይህን ትንሽ መኪና በታሪካችን ገጽ ላይ አስገብቶታል። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ሲሽከረከር ይታያል። እንዲያውም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና በሚገባ አድሶ መያዝ ከትዝታ አልፎ የቁጠባ ጉዳይም ሆኗል።

ቮልስን የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለ። ፋብሪካው በሠራው ጊዜ የዚህ መኪና አካል እጅግ የገጠመ ስለ ነበረ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው በሩን ለመዝጋት ሲሞከር በውስጡ የታፈነው አየር በሩን ይመልሰው ነበር። ነጂዎች በሩን ለመዝጋት መስኮቱን ገርበብ ያደርጉ እንደ ነበረ ያልሰማ የለም። እንግዲህ ያ መኪና ዛሬ ታድሶ ሲመጣ ነፋስ እያፏጨበት፣ ዝናብ እያስገባ፣ በሩ በጉልበት ካልተገፋ የማይዘጋ ከሆነ ታደሰ ለማለት እንዴት ይቻላል?

ባትላሜራ ማለት መምታት ብቻ ነውን?

በጋራዥ ቋንቋችን የመኪና አካል የሚያቀና ሰው ባትላሜራ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን፣ መምታት ከሚለው ግሥና ላሜራ ከሚለው ስም የተገጣጠመ ነው። ፓራፋንጎም እንዲሁ በጣሊያንኛ ጭቃ መከላከያ ማለት ነው፤ ፓራውልትም ግጭት መከላከያ ነው። እነዚህ ቃላት ከጣሊያን መካኒኮችና ከመሣሪያዎቻቸው ጋር ገብተው በእኛ ሠራተኞች አፍ የኛ ሆነው ቀርተዋል።

ይሁን እንጂ ባትላሜራ የሚለው ስም የሙያውን ግማሽ ብቻ ይናገራል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሥራው መዶሻ አንሥቶ ላሜራ መቀጥቀጥ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ጎበዝ ባትላሜራ ከሚመታበት ጊዜ ይልቅ የሚለካበትና የሚያይበት ጊዜ ይበልጣል። ገጥሞ ያያል፤ ይፈታል፤ ጥቂት ያስተካክላል፤ እንደ ገና ይገጥማል። አንድን በር በአንድ ቀን ውስጥ ዐሥር ጊዜ ሰቅሎ ዐሥር ጊዜ ሲያወርደው ብናይ፣ ሥራው አልሆነለትም ብለን መፍረድ አይገባንም። ሥራው ራሱ እርሱ ነውና።

ክፍተቱ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር መልሱ ቀላል ነው። በርና ኮፈን የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው፤ መኪናውም በሸካራ መንገድ ላይ ሲሄድ አካሉ በመጠኑ ይጣመማል። ጠርዝና ጠርዝ ፈጽሞ ቢነካኩ ይፋጫሉ፤ ቀለሙ ይላጣል፤ ከተላጠበትም ዝገት ይጀምራል። ክፍተቱ ከመጠን በላይ ቢሰፋ ደግሞ ጎሚኒው አየሩንና ውሃውን ማገድ አይችልም። በዚያ ዘመን በተሠሩት አውቶሞቢሎች ላይ ደኅና ነው የሚባለው ክፍተት አራት ወይም አምስት ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ግን እኩልነቱ ነው። ዐይን አምስት ሚሊሜትርንና አራት ሚሊሜትርን ለይቶ አይቈጥርም፤ ነገር ግን ከላይ ሦስት ከታች ስድስት የሆነውን ክፍተት ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ያውቀዋል።

ከመሠረቱ መጀመር

ግንበኛ ግድግዳውን በቱንቢና በውሃ ልክ ሳያረጋግጥ መስኮት አይሰካም። የመኪና አካልም ሕጉ ይኸው ነው። መጀመሪያ መኪናው በአራት ጠንካራ መደገፊያ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። በአንድ ክሪክ ወገቡን ተነሥቶ የቆመ መኪና አካሉ ስለሚጎብጥ፣ በዚያ ሁኔታ የተስተካከለ በር መኪናው በጎማው ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ይዛባል።

ቮልስ በሁለት ዐበይት ክፍሎች የተሠራ ነው። አንደኛው ወለሉ ሲሆን፣ ሞተሩ፣ ማርሹና ጎማዎቹ የተያያዙት ከርሱ ጋር ነው። ሁለተኛው የላይኛው አካል ነው። እነዚህ ሁለቱ በመካከላቸው ጎሚኒ ገብቶ ዙሪያውን በቡሎን ይታሰራሉ። በበሮቹ ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ውስጡ ባዶ የሆነ የላሜራ ሣጥን አለ። ይህ ሣጥን ሁለት ሥራ አለው። ከሞተሩ በኩል የሚመጣውን ሙቅ አየር ወደ ፊት ያደርሳል፤ እንዲሁም እንደ ቤት ደፍ ሆኖ የአካሉን ጥንካሬ ይሸከማል። ውስጡ ስለማይታይ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቮልስን በቁም ነገር የሚያድስ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ደፍ ቆርጦ በአዲስ መተካት ግድ ይሆንበታል።

አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ደፉ ከተቆረጠ በኋላ የፊቱን ምሰሶና የኋላውን ምሰሶ ከታች የሚያያይዝ ነገር አይኖርም። አካሉ በራሱ ክብደት ይጎብጣል፤ የበሩም ቦታ ይጠባል ወይም ያዘነብላል። ጠንቃቃ ሠራተኛ ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ቱቦላሬ በይዶ ቦታውን ያስራል። ከማሰሩም በፊት ይለካል። የበሩ ቦታ ማዕዘኖቹ እኩል ስላልሆኑ በአንዱ በር ውስጥ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚለኩት ሁለቱ ሰያፎች እርስ በርሳቸው እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን የግራው በር ልክ ከቀኙ በር ልክ ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ልክ በወረቀት ተጽፎ፣ ደፉ ሲቆረጥ፣ አዲሱ ሲያዝ፣ ሲበየድም በየጊዜው መመርመር ይገባዋል። ብየዳ ብረትን አሙቆ ሲያቀዘቅዝ ስለሚሰበስበው፣ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ሁለት ሚሊሜትር ቢጎድል አያስደንቅም።

ከዚህም በቀር አዲሱ ደፍ ፈጽሞ ከመበየዱ በፊት በጥቂት ነጥብ ብቻ ተይዞ፣ አካሉ በወለሉ ላይ ታስሮ፣ በሮቹም ተሰቅለው መታየት አለባቸው። ሁሉን በይዶ ጨርሶ በሩን ለመጨረሻ ቀን የሚያቆይ ሠራተኛ፣ ስሕተቱን የሚያውቀው ማረም በማይችልበት ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የበሩ ነገር

በሩን ከመስቀል በፊት ማጠፊያው ይፈተናል። በሩን ግማሽ ከፍቶ ጫፉን ይዞ ወደ ላይ ማንሣት ነው። በሩ ከምሰሶው ተለይቶ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የማጠፊያው ዘንግ ተበልቷል። የተበላ ማጠፊያ ይዞ ክፍተት ማስተካከል በሚንቀሳቀስ ሚዛን እህል እንደ መመዘን ነው፤ ዛሬ የተስተካከለው ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ይወድቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ዘንጉን መለወጥ ይገባል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። በኋላው ምሰሶ ላይ ቁልፉን የሚቀበል ብረት አለ፤ እርሱን ለጊዜው መፍታት ያስፈልጋል። ይህ ብረት በቦታው እያለ በሩ ሲዘጋ ቁልፉን ወደ ላይ ስለሚያነሣው የወደቀው በር የቆመ ይመስላል። ባለቤቱም ሠራተኛውም ይታለላሉ። ብረቱ ሲፈታ ግን በሩ በማጠፊያው ብቻ ተንጠልጥሎ እውነተኛ መልኩን ያሳያል። በመጨረሻ ተመልሶ ሲገባ ሥራው የመጣውን በር መቀበልና መያዝ ብቻ ነው፤ የወደቀውን ማንሣት የርሱ ሥራ አይደለም።

በሩ በማጠፊያው አማካይነት ሦስት ዐይነት እንቅስቃሴ ይኖረዋል፦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ። አንዱን ሲነኩ ሌላው ስለሚናጋ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ፣ በጥቂት በጥቂቱ መንካት ይሻላል። ለመለኪያ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አራት ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቀጭን እንጨት ተቆርጣ በክፍተቱ ዙሪያ ስትዞር የጠበበውንም የሰፋውንም ትናገራለች። ክፍተቱ ብቻም አይበቃም፤ የበሩ ፊትና የአካሉ ፊት በአንድ ልክ መዋል አለባቸው። መዳፍን አልፎ አልፎ በመገጣጠሚያው ላይ ማሳለፍ ዐይን ያላየውን ደረጃ ያሳያል። ልዩነት መኖሩ ግድ ከሆነ የኋላኛው ጠርዝ ከፊተኛው በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ይሻላል፤ ወደ ውጭ የወጣ ጠርዝ ከፊት የሚመጣውን ነፋስ እየጠለፈ ያፏጫልና።

እዚህ ላይ በቮልስና በብዙ ሌሎች መኪናዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማመልከት ይገባል። የፊት ፓራፋንጎአቸው እስከ በሩ የሚደርስና በቡሎን የሚታሰር መኪናዎች የሚስተካከሉት ከኋላ ወደ ፊት ነው። የኋላው አካል የተበየደና የማይነቃነቅ ስለሆነ በሩ ከርሱ ጋር ይገጠማል፤ ፓራፋንጎው ከበሩ ጋር፤ ኮፈኑም ከፓራፋንጎው ጋር። በቮልስ ግን በሩ ከፊትም ከኋላም የሚያገኘው የተበየደ አካል ነው። ከሁለቱ አንዱን ገፋ አድርጎ ቦታ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ በቮልስ ላይ በሩ ዳኛ ነው ማለት ይቻላል። ደፉና ምሰሶው በትክክል ካልቆሙ ማጠፊያውን የቱንም ያህል ቢያጠባብቁት አይገጥምም። አንዳንድ ጋራዥ ውስጥ የበሩ ጠርዝ ተሞርዶ በግድ እንዲገባ ሲደረግ መታየቱ ለዚህ ነው። በሽታው ያለው በደፉ፣ መድኀኒቱ የሚሰጠው ለበሩ!

በሩ ያለ ጎሚኒ ከተስተካከለ በኋላ አዲሱ ጎሚኒ ይገባና እንደ ገና ይታያል። አዲስ ጎሚኒ ጠንካራ ስለሆነ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ እየዋለ ሲያድር ግን ይለዝባል። ይህን የማያውቅ ሰው ወዲያው ማጠፊያውን ቢያንቀሳቅስ ደኅናውን ሥራ ያበላሻል።

ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎውና መርገጫው

የፊቱ ኮፈን በማጠፊያው ላይ ረዘም ያሉ ቀዳዳዎች ስላሉት ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንም ለመሳብ ይመቻል። የኋላው የሞተር ክዳን ግን በታችኛው በኩል የሚያገኘው የተበየደ ላሜራ ነው። ይህ ላሜራ ከኋላ የሚመጣውን ግጭት ሁሉ የሚቀበል ስለሆነ በብዙ ቮልሶች ላይ ተጣምሞ ወይም ተለውጦ ይገኛል። አዲሱን የሚበይድ ሠራተኛ ክዳኑ በቦታው ተዘግቶ ሳለ ላሜራውን ወደ ክዳኑ ማምጣት አለበት እንጂ፣ ላሜራውን በይዶ ክዳኑን መፈለግ የለበትም።

ፓራፋንጎዎቹ አራቱም በቡሎን የሚታሰሩ ናቸው፤ በነርሱና በአካሉ መካከልም ቀጭን ጎሚኒ ይገባል። ብዙ ሰው «ይህስ ቀላል ነው» ይላል። ቢሆንም አንዱን ቡሎን አስቀድሞ እስከ መጨረሻው የሚያጠብቅ ሰው ፓራፋንጎውን ወደዚያ ጎትቶት ሌሎቹ ቀዳዳዎች ይሸሹታል። ሁሉም ቡሎን ላላ ብሎ ከገባ በኋላ በየተራ ማጥበቅ ነው። መብራቱና መርገጫውም አብረው ይሞከሩ። መርገጫው ከፊቱም ከኋላውም ፓራፋንጎ ጋር ስለሚያያዝ፣ አንዱ ሲዛባ ሌላውን ይዞ ይዛባል።

ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ አሮጌ ፓራፋንጎ የሚገዛ ሰው ዘመኑን መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ የቮልስ የፊት መብራት አቋም ሲለወጥ የፓራፋንጎው ቅርጽም አብሮ ተለውጧል። «ሁሉም ቮልስ ያው ቮልስ ነው» ብሎ የገዛ ሰው በመጨረሻ በመዶሻና በስቱኮ ሊያስታርቃቸው ይሞክራል። በሌላ ፋብሪካ የሚሠሩ አዳዲስ ላሜራዎችም ቢሆኑ ከመነሻው ጋር ፍጹም አንድ ስለማይሆኑ መሞከርና መስተካከል ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ እንደ ገና ሁሉም ይፈታል፤ ቀለም የሚቀባው ተፈትቶ ነውና። ብልኅ ሠራተኛ ከመፍታቱ በፊት በማጠፊያውና በላሜራው ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በሁለቱም ውስጥ ያሳልፋል። ከቀለም በኋላ በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ምስማር ሲያስገባ ክፍሉ የነበረበትን ቦታ ሳይሳሳት ያገኛል። ቀለሙ ራሱ በጠርዝ ላይ ሲደራረብ የሚሊሜትር ክፋይ ስለሚወስድ፣ ለርሱም አስቀድሞ ጥቂት ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ስቱኮ ምን ይደብቃል?

ስቱኮ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሚገባ በቀናና ከዝገት በጸዳ ላሜራ ላይ ስስ ሆኖ ሲቀባ መዶሻ የተወውን ትንሽ ጉድጓድ ይሞላል። በሙያው ዘንድ ከሦስት ሚሊሜትር ያህል እንዳይበልጥ ይመከራል። ክፉ የሚሆነው የላሜራውን ሥራ ተክቶ ሲሠራ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ገባ ያለ እንደ ሆነ በሩን ከማምጣት ይልቅ ላዩን በስቱኮ ከፍ ማድረግ፣ ክፍተቱ የሰፋ እንደ ሆነ ጠርዙን በስቱኮ ማስረዘም በጣም ቀላል ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ በብርጭቆ ወረቀትም ይለሰልሳል፤ ቀለምም ይቀባል። ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ስቱኮና ብረት በሙቀትና በብርድ እኩል አይለጠጡም፤ መኪናውም ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። በሩም በቀን ብዙ ጊዜ ይዘጋል። ውፍረት ያለው ስቱኮ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፤ ውሃውም በስቱኮውና በላሜራው መካከል ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ባለቤቱ ቀለሙ ማበጥ የጀመረበትን ቀን ያያል እንጂ ዝገቱ የጀመረበትን ቀን አያይም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በትክክል ያልተበየደ ደፍ፣ ቦታውን የለቀቀ ምሰሶ፣ በጫፉ ብቻ የያዘ ቁልፍ ከውጭ አይታዩም። በሚታጠፍበት መንገድ ላይ ወይም በግጭት ጊዜ ግን ይታያሉ። ያልተስተካከለው ክፍተት አስቀድሞ ሲናገር የነበረው ይህንን ነው፤ እኛ የመልክ ጉድለት ብለን የምንንቀው ምልክት የመሠረት ጉድለት ምስክር ነበረ ማለት ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

በዚህ ነገር ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንስማማበትም። ባለመኪናው ወደ ጋራዥ ሲገባ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ «ስንት ነው?» እና «መቼ ያልቃል?» ለበዓል እንዲደርስለት ይፈልጋል። ለቀለሙ ሲከፍል አይከፋውም፤ ቀለም ይታያልና። በሩን ለመስቀልና ለማውረድ ለሚውለው ሦስት ቀን ክፈል ሲባል ግን የተታለለ ይመስለዋል። እንግዲህ ሠራተኛው የማይከፈልበትን ትክክለኛ ሥራ ሠርቶ ይራብን? ወይስ የሚከፈልበትን ስቱኮ ቀብቶ ይደር? ገበያው የሚሸልመው የኋለኛውን ከሆነ የፊተኛውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ሙያውም አብሮ ያልፋል።

የሚቃወሙን ሰዎች የሚሉትንም እናውቃለን። አንዳንዶቹ «ፋብሪካው ራሱ ያን ያህል አይጠነቀቅም ነበር፤ ከፋብሪካ የወጡትም መኪናዎች ቢለኩ ፍጹም እኩል አይደሉም» ይላሉ። እውነት ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ከፋብሪካም ይወጣ ነበር። እኛም ፍጹምነትን አልጠየቅንም። የጠየቅነው ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ታውቆ፣ ከመሠረት የመጣ ከሆነ በመሠረቱ እንዲታረም ነው። ሌሎች ደግሞ «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ ድኻ ባለመኪና እንዲሄድለት ብቻ ይፈልጋል» ይላሉ። በርግጥ ገንዘብ ያጠረው ሰው ወንበሩንና ኒኬሉን ሊያቆይ ይችላል፤ እንዲያውም ቀለሙን ለሚመጣው ዓመት ቢያሳልፈው አንነቅፈውም። ድኻ ሁለት ጊዜ ለማሠራት አቅም ስለሌለው አስቀድሞ በትክክል ማሠራት የሚገባው እርሱ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙ አብጦ እንደ ገና የሚገፈፍ መኪና ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ምን ይደረግ?

እንደኛ አስተያየት ሦስት ነገር ቢደረግ ብዙ ይለወጣል።

አንደኛ፣ ባለመኪናው መኪናውን ሁለት ጊዜ ይመልከት። የመጀመሪያው ከቀለም በፊት፣ ላሜራው ራቁቱን ሳለ፣ በሮቹና ኮፈኖቹ ሁሉ ተገጥመው ነው። ያችን አራት ሚሊሜትር እንጨት ይዞ ይዙር፤ በሩን በሁለት ጣት ገፍቶ ይዝጋ፤ የቁልፉ ተቀባይ ሳይኖር በሩ ቆሞ እንደ ሆነ ይይ። ይህ ሳይሆን ቀለም አይቀባ። በውሉም ላይ የማስተካከሉ ሥራ ራሱን ችሎ በስሙ ይጻፍ፤ ዋጋውም ለብቻው ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ በሙያ ትምህርት ቤቶች ባትላሜራ የሚማሩ ወጣቶች ከመዶሻው በፊት መለካትን፣ መጻፍንና ማነጻጸርን ይማሩ። በጋራዦቻችን ያሉት ነባር ሠራተኞች ይህን ዕውቀት በእጃቸውና በዐይናቸው እንጂ በወረቀት አልያዙትም። አንድ ተማሪ ከነርሱ አጠገብ ቆሞ የአንዱን መኪና ልክ ከመፈታቱ በፊትና ከተገጠመ በኋላ ቢመዘግብ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ የሚበልጥ ማስታወሻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የእጅ ሙያን ማክበር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ማወጃቸው የታወቀ ነው። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስድቡም በአብዛኛው ቀርቷል። ንቀቱ ግን በሌላ መልክ አለ፤ ይኸውም የሠራተኛውን ጊዜ እንደ ጊዜ አለመቍጠር ነው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድን ደብዳቤ አምስት ጊዜ አርሞ የሚጽፍ ሰው ጠንቃቃ ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ አንድን በር አምስት ጊዜ አውርዶ የሚሰቅል ሰው ግን ሰነፍ ይባላል። የሁለቱ ጥንቃቄ አንድ ነው፤ ስያሜው መለያየት አልነበረበትም።

ወጣት አንባቢያችን ይህን ጽሑፍ የመኪና ብቻ ነገር ነው ብሎ እንዳያልፈው እናሳስባለን። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ጥገና ያዝዛል፤ የተጠገነውን ይረከባል፤ በደረሰኝም ላይ ይፈርማል። በዚያን ጊዜ የሚቀርብለት ሁሉ ቀለም የተቀባ ነው። ከመፈረሙ በፊት ጎንበስ ብሎ መገጣጠሚያውን የሚያይ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ ትክክለኛውን ሠራተኛም ከሸፋፋኙ ለይቶ ዋጋውን ይሰጠዋል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ በመንገድ ላይ አንድ የታደሰ ቮልስ ቆሞ ያየ ሰው ከቀለሙ ላይ ዐይኑን ለጥቂት ጊዜ ያንሣ። በበሩ ዙሪያ ያለችውን ጥቁር መስመር ከላይ ጀምሮ እስከ መርገጫው ይከተል። መስመሯ ሳትሰፋና ሳትጠብ ዞራ ከተመለሰች፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ ብዙ ቀን ደክሟል ማለት ነውና ባለመኪናውን «ማን ሠራልህ?» ብሎ ይጠይቀው። የዚያ ሠራተኛ ስም ከአፍ ወደ አፍ የሄደ እንደ ሆነ፣ ሙያው ይኖራል።